መሐመድ ዋርዲ፦ አገሩ ዝም ባሰኘችው ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተቀረጸው የሱዳን ድምፅ

ዓባይ ካርቱም ገብቶ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ በፊት በግራና በቀኙ ሁለት ጀሪፎችን ያልፋል። በምዕራቡ ዳርቻ ያለው ጀሪፍ ገርብ፣ በምሥራቁ ያለው ደግሞ ጀሪፍ ሸርቅ ይባላል። የወንዙ ዳር ለረጅም ዘመን ቀይ ጡብ ሲመረትበት የኖረ ሥፍራ ነው። ጡብ ሠሪዎቹ የሚያቦኩት ጭቃ ወንዙ በየክረምቱ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ የሚያወርደው ደለል ነው። የጎጃምና የወሎ አፈር እዚህ ተቦክቶና ተተኩሶ የካርቱም ግድግዳ ይሆናል።

በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ እስኪፈነዳ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀሪፍ በካርቱም ሐበሻ ከሚበዛባቸው ሠፈሮች አንዱ ነበር። እንጀራ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ጀበና ከከሰል የማይወርድበት ቡና ቤቱ በየመንገዱ ይገኝ ነበር። ይህ ዘጋቢ በዚያ ሠፈር ቡና በጠጣባቸው ቀናት ደጋግሞ ያስተዋለው አንድ ነገር አለ። ባለቡናዋ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን አቋርጣ የመሐመድ ዋርዲን ስታስገባ፣ በቤቱ ውስጥ የተቀየረ ነገር ያለ አይመስልም። ቋንቋው ይቀየራል፤ አንገቱን የሚነቀንቀው ሰው ግን መነቅነቁን አያቆምም። ሱዳናዊው ደንበኛ ዘፈኑ የእሱ ነው፤ አስተናጋጇም ግጥሙን ባታውቀው ዜማውን ታውቀዋለች።

ዋርዲ ካረፈ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሱዳናውያን የአፍሪካ የመጀመሪያው ድምፃዊ የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። ማዕረጉ የተጋነነ ነው የሚል ሙግት ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን ከናይል ዳር እስከ ቻድ፣ ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ በአረብኛ የዘፈነውን ዘፈን አረብኛ የማያውቅ ሰው ሲያንጎራጉረው የሰማ፣ ማዕረጉ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። አንጋፋን ሰው እንዲህ በነጠላ መጥራት ድፍረት ቢመስልም ጥላሁንን አንቱ የሚል አድማጭ እንደሌለ ሁሉ ዋርዲንም አንቱ ማለት ያራርቃል።

መሐመድ ዑስማን ሐሰን ሳሊህ ዋርዲ በሐምሌ 1932 በሰሜን ሱዳን፣ በናይል ዳር በምትገኘው ሰዋርዳ ተወለደ። ሰዋርዳ የኑቢያውያን መንደር ናት። ስለዚህም ኋላ በሚሊዮኖች ልብ ውስጥ ያስገባው የአረብኛ ቋንቋ የእናቱ ቋንቋ አልነበረም። እናቱን ያጣው ገና ሕፃን ሳለ ሲሆን፣ አባቱም የሞቱት ልጁ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ነው። ያሳደገው አጎቱ ነው። በልጅነቱ የተማረው መሣሪያ ኑቢያውያን ኪሲር የሚሉት፣ በሌላው ሱዳን ጠንቡር የሚባለው ባለ አምስት ክር መሣሪያ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ቢያየው ስሙን ሳይጠይቅ ክራር ይለዋል፤ ብዙም አይሳሳትም።

ለአስተማሪነት ሸንዲ ላይ ሠለጠነ፤ ተመልሶም በሐልፋ አካባቢ አስተማረ። በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ ካርቱምን ያየው ለመምህራን ስብሰባ ሄዶ ነው። ወደ ከተማዋ ጠቅልሎ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። በ1957 የኦምዱርማን ሬዲዮ በር ተከፈተለት።

ይህ በር ምን ያህል ከባድ እንደነበር መግለጽ ያስፈልጋል። ኦምዱርማን ሬዲዮ በ1940፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በእንግሊዞች የተቋቋመ ጣቢያ ነው። ከነፃነት በኋላ የአገሪቱ ትልቁ የቀረጻ ስቱዲዮም፣ ዳኛም፣ ቤተ መዛግብትም እሱ ሆነ። ድምፃዊ የሚፈተነው እዚያ ነው። ከመሰንቆና ከክራር ቤት ወጥቶ ወደ ክብር ዘበኛ ወይም ወደ አገር ፍቅር መድረክ መውጣት ለእኛ ድምፃውያን ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው ነገሩን ይገምተዋል። ከሰሜን የመጣ፣ አረብኛው የኑቢያ ቅላጼ ያለው ወጣት መምህር እንደ አሕመድ አልሙስጠፋ፣ እንደ ሐሰን አጢያ፣ እንደ ኢብራሂም አወድ ባሉት ገናና ሰዎች መካከል ቦታ ማግኘት ነበረበት። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 17 ዘፈኖችን ቀረጸ። የመጀመሪያውን ዘፈን ግጥም የጻፈለት ኢስማዒል ሐሰን ነው። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ከሃያ በላይ ሥራዎችን አብረው ሠሩ። ዋርዲን የፍቅር ዘፋኝ ያደረገው ይህ ጥምረት ነው።

ዜማው ለምን ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ቅርብ እንደሆነ የሙዚቃ ባለሙያዎች ያለ ብዙ ክርክር ያስረዳሉ። አብዛኛው የሰሜንና የመካከለኛው ሱዳን ሙዚቃ በአምስት ድምፅ የተዋቀረ ነው። የካይሮና የደማስቆ ሙዚቃ የሚታወቅባቸው ሩብ ድምፆች እዚህ የሉም። የእኛዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። በተለይ ዐቢይ ትዝታ ከሱዳኖቹ ቅኝት ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ወንድማማቾቹን መለየት ያዳግታል። በዚህ ምክንያት የሱዳንን ዜማ በአማርኛ ግጥም የተጫወቱ ድምፃውያን ጥቂት አይደሉም። በዚሁ ምክንያት ካይሮ ያለው አድማጭ በቋንቋ ወንድሙ ሆኖ ሳለ ለሱዳን ዘፈን ጆሮው አልገራ እያለ ሲቸገር፣ የመርካቶው ካሴት ነጋዴ ግን የሱዳን ካሴት ሲደረድር አይሰጋም ነበር።

ዋርዲ ግን በአምስቱ ድምፅ ላይ ብቻ ተደላድሎ አልተቀመጠም። ዘፈኖቹ ረጃጅሞች ናቸው። ድምፁ ከመሰማቱ በፊት ቫዮሊኖቹ፣ አኮርዲዮኑና ሳክስፎኑ የራሳቸውን ጉዞ ይጓዛሉ፤ መካከል ላይ ምቱ ይለወጣል፤ የተዘጋ የመሰለው ዜማ እንደገና ይከፈታል። ዑመር አልጠይብ አልዶሽ የጻፈለትን አልውድ የተባለውን ዘፈን ያቀናበረው የግሪክ ዝርያ ያለው ግብፃዊው አንድርያ ራይደር ነው። ራይደር ለግብፅ ፊልሞች በሠራው ሙዚቃ የሚታወቅ ሰው ነበር። አንድ የሱዳን ዜማ በሙሉ ኦርኬስትራ አቀናባሪ እጅ ሲገባ ቅኝቱ ይጠፋል ወይስ ይሰፋል የሚለው ጥያቄ ያኔ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። ዛሬ ዘፈኑን የሚሰማ ሰው መልሱን ያገኛል። ኦርኬስትራው ዜማውን አልዋጠውም፤ ዋርዲ ከሥሩ ሆኖ ሳይሆን ከላይ ሆኖ ይዘፍናል። በግሌ ከስቱዲዮ ሥራዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

የአምባገነኖች ወዳጅ፣ የአምባገነኖች እስረኛ

የዋርዲን ሕይወት በመልካም ብቻ የሚተርክ ሰው አንድ ትልቅ ነገር ይዘላል። በኅዳር 1958 ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ሥልጣን ሲይዙ ወጣቱ ድምፃዊ ለአዲሱ መንግሥት ዘፍኗል። በግንቦት 1969 ኮሎኔል ጃዕፈር ኒሜሪ ሲመጡም እንዲሁ አድርጓል። ሁለቱም መንግሥታት ኋላ ላይ አስረውታል።

ከአቡድ መንግሥት ጋር ያጣላው ግድብ ነው። ግብፅ የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ስትገነባ የውኃው መተኛ የሱዳን ኑቢያን ክፍል እንደሚውጥ ታወቀ። የዋዲ ሐልፋ ከተማና በዙሪያዋ የነበሩ መንደሮች ተነሥተው፣ 50 ሺህ ያህል ኑቢያውያን ከ1964 ጀምሮ ከቀያቸው በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ኻሽም አልጊርባ ተወሰዱ። አዲሱ ሠፈራቸው በአትባራ ወንዝ ዳር ነው፤ ይህም ተከዜ የሚገባበት ወንዝ ነው። ከናይል የተነቀሉት ሰዎች የኢትዮጵያን ሌላ ውኃ እንዲጠጡ ተደረገ ማለት ይቻላል። ሰዋርዳ ራሷ ከውኃው ብትተርፍም ዋርዲ ጉዳዩን እንደ ሩቅ ሰው አላየውም። መፈናቀሉን ከተቃወሙት ጋር ወጣ፤ ታሰረም።

በጥቅምት 1964 ካርቱም ውስጥ የተነሣው ሕዝባዊ ዐመፅና አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ የአቡድን አገዛዝ ጣለ። ጥይት ያልተኮሰ ሕዝብ ወታደራዊ መንግሥት ሲያወርድ በአፍሪካ ገና አዲስ ነገር ነበር። ዋርዲ ያን ጊዜ የመሐመድ አልፈይቱሪንና የመሐመድ አልመኪ ኢብራሂምን ግጥሞች ወስዶ ዜማ ሰጣቸው። እነዚህ ዘፈኖች ከዚያ በኋላ በተነሡት የሱዳን ዐመፆች ሁሉ እንደገና ተዘምረዋል። በ2019 በካርቱም አደባባዮች የቆሙት ወጣቶች በጥቅምቱ ዐመፅ ዘመን አልተወለዱም፤ ዘፈኖቹን ግን ከወላጆቻቸው ካሴት ያውቋቸው ነበር።

ኒሜሪ ሲመጡ ከግራ ዘመሞች ጋር ነበሩ፤ ዋርዲም ከግራ ዘመሞች ጋር ነበር። በሐምሌ 1971 ኮሚኒስት መኮንኖች ኒሜሪን ለሦስት ቀን ከሥልጣን አውርደው መልሰው ሲሸነፉ የበቀሉ ጊዜ መጣ። የፓርቲው መሪ ዐብዱልኻሊቅ መሕጁብ ተሰቀሉ፤ ብዙ ጸሐፍትና አርቲስቶች ወደ እስር ቤት ተላኩ። ዋርዲም ከእነሱ አንዱ ሆነ። የሚዘፍንላቸውን ሰው ስህተት ከእስር ቤት ሆኖ የሚማር ድምፃዊ በእኛም አገር የታወቀ ነው። ዋርዲን ከብዙዎቹ የሚለየው፣ ስህተቱን ካየ በኋላ ዝምታን አለመምረጡ ነው። በሚያዝያ 1985 ኒሜሪ ሲወድቁ፣ አብሮት ለመንግሥቱ የዘፈን ግጥም ከጻፈውና አብሮት ከታሰረው ባለቅኔ መሕጁብ ሸሪፍ ጋር ሆኖ ለዐመፀኛው ሕዝብ ዘፈነ።

ያ ነፃነት አራት ዓመት ብቻ ቆየ። በሰኔ 1989 ኦማር አልበሽር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። ከኋላቸው የነበረው ብሔራዊ እስላማዊ ግንባር ሙዚቃን በበጎ ዓይን የሚያይ አልነበረም። ካርቱም በሰዓት እላፊ ተያዘች፤ ሠርግ እንኳ በፈቃድና በተወሰነ ሰዓት እንዲሆን ተደረገ፤ የኦምዱርማን ሬዲዮ ብዙ ዘፈኖችን ከአየር አወረደ። ዋርዲ ተሰደደ። መጀመሪያ ካይሮ፣ ኋላም አሜሪካ ኖረ።

ኢታንግና አዲስ አበባ

የዋርዲ ስደት ካይሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ለእኛ የጎረቤት ታሪክ ሆኖ ይቀር ነበር።

በ1990 ጋምቤላ ክልል ወደሚገኘው የኢታንግ የስደተኞች መጠለያ ሄደ። ኢታንግ ያን ጊዜ በደቡብ ሱዳን ጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች የሞሉባት፣ በሕዝብ ብዛቷ ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የምትበልጥ መጠለያ ነበረች። ዋርዲ እዚያ የዘፈነው ሩብ ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ ነው ተብሎ ይነገራል። ቁጥሩ ቢቀነስ እንኳ የነገሩ ክብደት አይቀንስም። በሰሜንና በደቡብ መካከል ሰው እየተገደለ ባለበት ጊዜ አንድ ሰሜናዊ፣ ሙስሊም፣ በአረብኛ የሚዘፍን ሰው በደቡባውያን ስደተኞች መካከል ቆሞ ዘፈነ። ሰዎቹ በቀያቸው ላይ ቦምብ የሚጥለውን መንግሥት ቋንቋ በዚያ ቀን የሰሙት በዘፈን ነው። ለካርቱም መንግሥት ከዚህ የከፋ ክህደት አልነበረም። ደርግ በግንቦት 1991 ሲወድቅ ኢታንግም ተበተነች፤ ስደተኞቹ በሌላ አቅጣጫ እንደገና ተሰደዱ።

አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ከራሷ ረጅም ሌሊት እየወጣች ነበር። በአብዮቱ ዘመን የሰዓት እላፊው የከተማዋን የምሽት ሙዚቃ ለዓመታት አፍኖት ኖሯል። ባንዶች በሆቴል ውስጥ ተዘግተው እስኪነጋ ይጫወቱ የነበረው ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል ነው። የአምሃ ሪከርድስ መሥራች አምሃ እሸቴ በ1975 አገር ጥሎ ወጣ፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ተከተሉት። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ደግሞ በመተማና በከሰላ በኩል ሱዳን ገባ። ጀሪፍን ጀሪፍ ካደረጉት ሰዎች ብዙዎቹ የዚያ ስደት ልጆች ናቸው። እንግዲህ አዲስ አበባ ዝም ባለችበት ዘመን ካርቱም ለኢትዮጵያውያን ዘፈን ቤት ሆናለች። ከ1989 በኋላ ደግሞ ካርቱም ዝም ስትል አዲስ አበባ አፏን እየፈታች ነበር። ሁለቱ ከተሞች ዝምታን እንደ ተረኛ ዘበኛ ተቀባበሉ።

ዋርዲ በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ኮንሰርት የመጣው በዚህ መካከል ነው። ኮንሰርቱ ተቀርጾ ላይቭ ኢን አዲስ አበባ 1994 በሚል ርዕስ ራግስ በተባለ የብሪታንያ አሳታሚ በሲዲ ወጣ። በኦምዱርማን ሬዲዮ ማግኔት ክር ላይ ሕይወቱን ያስቀረጸ ሰው፣ ድምፁን ለዓለም አድማጭ ካደረሱለት አልበሞች አንዱን የቀረጸው ከዚያ ስቱዲዮ ውጭ፣ ከአገሩም ውጭ ነው።

በመድረክ የተቀረጸ አልበም ስቱዲዮ የሚሰጠውን ጥራት አይሰጥም። መሣሪያዎቹ ይቀላቀላሉ፤ የሕዝቡ ጩኸት በማይክሮፎኑ ይገባል፤ የተሳሳተ ነገር ተመልሶ አይስተካከልም። ለዋርዲ ዓይነት ድምፃዊ ግን ኪሳራው ከትርፉ ያንሳል። ዘፈኖቹ በተፈጥሯቸው ከአድማጭ ጋር የሚደረጉ ንግግሮች ናቸው። መግቢያው ሲጀመር ሕዝቡ የትኛው ዘፈን እንደሆነ ለይቶ ይጮኻል፤ ድምፃዊው አንዱን ስንኝ ይተወውና ሕዝቡ ይጨርስለታል። ስቱዲዮ ውስጥ በሸክላ ላይ ሊገባ የማይችለው ይህ ነው። ከአገራቸው የወጡ ሱዳናውያን ስደተኞች በአንድ ቦታ ተሰብስበው አንድን ዘፈን ሲዘፍኑ የሚሰማው ደግሞ ዜማው ብቻ አይደለም። ከስደት ጋር የተያያዘው ታላቁ ዘፈኑ ስደተኛው ወፍ የሚል ርዕስ አለው። ግጥሙን የጻፈው ሳላሕ አሕመድ ኢብራሂም በ1993 ፓሪስ ውስጥ በስደት ሞተ። የጓደኛን ግጥም፣ ጓደኛው በሰው አገር ከሞተ በኋላ፣ ራስም በሰው አገር ሆኖ መዝፈን ምን እንደሚመስል መገመት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አያስቸግርም።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ኦምዱርማን ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። አንድ ሰው ጩቤ ይዞ ወደ ሙዚቀኞች ክበብ ገብቶ ድምፃዊውን ኾጃሊ ዑስማንን ወግቶ ገደለው። ከኮርዶፋን የመጣውን ዕውቁን ዐብዱልቃድር ሳሊምንም አቆሰለው፤ እሱ ተረፈ። ሁለቱን ክስተቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የአዲስ አበባውን ቀረጻ እንደ ተራ የኮንሰርት ቅጂ ሊሰማው አይችልም። በአንዱ ከተማ የሱዳን ዘፈን በአደባባይ ይዘፈናል፤ በሱዳን ዘፈን መዲና ዘፋኙ በክበቡ ውስጥ ይታረዳል።

የአልበሙ አቀባበል በሁለት በኩል የሚታይ ነው። በአውሮፓ የዓለም ሙዚቃ በሚል ስም ከየአገሩ የሚመጣውን የሚያዳምጡ ሰዎች ከሱዳን የሚያገኙት ሲዲ ጥቂት ነበር። ስለዚህ የአዲስ አበባው ቀረጻ ስለ ሱዳን ሙዚቃ በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ ስሙ የሚነሣ ሥራ ሆነ። እነሱ ለማያውቁት ቋንቋ በአድናቆት ጆሮ ሰጡ። ሱዳናውያን ዘንድ ግን ጉዳዩ ሌላ ነበር። ዘመኑ የካሴት ዘመን ነው። ካሴት እንደ ሬዲዮ ጣቢያ በወታደር አይጠበቅም፤ ተገልብጦ፣ በሻንጣ ውስጥ ተሸጉጦ፣ የጠረፍ ኬላውን ያልፋል። ኢትዮጵያውያንም ይህንን ዘዴ በደርግ ጊዜ ከሱዳን በኩል አሳምረው ያውቁታል። በዚህ ረገድ ጀሪፍ የገባው ካሴት ከአዲስ አበባም ሆነ ከለንደን ይምጣ የሚጠይቅ አልነበረም።

የሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት ግን ብዙም አልቆየም። በሰኔ 1995 አዲስ አበባ ውስጥ የግብፁን ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክን ለመግደል ሙከራ ተደረገ፤ ኢትዮጵያ ጣቷን ወደ ካርቱም ቀሰረች። ጠረፉ ቀዘቀዘ። ሰዎቹም፣ ዜማዎቹም ግን መተላለፋቸውን አላቆሙም።

ተመልሶ መሞት

ዋርዲ በ2002 ወደ ሱዳን ተመለሰ። ያሰደደው መንግሥት ገና በሥልጣን ላይ ነበር፤ ይህም አንዳንድ አድናቂዎቹን አላስደሰተም። ሰውየው ግን ሰባ ዓመቱ ነበር፤ ኩላሊቶቹም ሥራ አቁመው ነበር። ኳታር ውስጥ ንቅለ ተከላ ተደረገለት። ኩላሊቱን የሰጠው ዘፈኑን ይወድ የነበረ ሰው ነው። ድምፃዊ ከአድናቂው ብዙ ነገር ይቀበላል፤ ገንዘብ፣ ጭብጨባ፣ አበባ። ይህኛው ግን ከሁሉ የተለየ ነበር። ዋርዲ በተሰጠው ኩላሊት ከዚያ በኋላ ለዓመታት መድረክ ላይ ወጥቷል። በ2005 ካርቱም ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በዚያን ጊዜ የዘፈኖቹ ቁጥር ከ300 ያልፍ ነበር፤ ከእነሱም መካከል በእናቱ ቋንቋ በኑቢያኛ የዘፈናቸው ይገኙበታል።

ከሞቱ በፊት ባየው የመጨረሻ ዓመት፣ በሐምሌ 2011 ደቡብ ሱዳን ተለይታ ሄደች። በኢታንግ የዘፈነላቸው ሰዎች የሌላ አገር ዜጎች ሆኑ። በየካቲት 18 ቀን 2012 ካርቱም ውስጥ አረፈ፤ 79 ዓመቱ ነበር። ፋሩቅ በተባለው የመቃብር ሥፍራ ሲቀበር በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኘው። አልበሽር ከሥልጣን ሲወርዱ ለማየት ሰባት ዓመት ቀርቶት ነበር።

ካለፈ በኋላ ሱዳን ላይ የደረሰው ነገር የድምፁን ዕጣ እንደገና ጥያቄ ውስጥ ከቶታል። ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ሲጀመር የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ኦምዱርማን የሚገኘውን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሕንፃ ያዘ። ሠራዊቱ ያስለቀቀው በመጋቢት 2024 ነው። ወደ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የጦር ሠፈር ሆኖ የቆየው ይህ ግቢ ዋርዲ በ1957 የገባበት ቤት ነው፤ የእሱና የትውልዱ ቀረጻዎች የተከማቹበትም ቤተ መዛግብት ነው። የሱዳን የባህል ሰዎች ያን ጊዜ ሁሉ የፈሩት ለሕንፃው አልነበረም። ከሸክላው፣ ከካሴቱና ከሲዲው ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠው፣ ከአገር ውጭ የተቀረጸውና የታተመው ሁሉ፣ የአዲስ አበባውም ጨምሮ፣ በዚያ ሰሞን ዋጋው ተለወጠ።

ጀሪፍም ባዶ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ የጦርነት ሳምንታት ከሠፈሩ የወጡት ኢትዮጵያውያን ባገኙት መኪና ገዳሪፍን አልፈው ወደ ገላባት ወረዱ። ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ከዐርባ ዓመት በፊት በተቃራኒው አቅጣጫ የሸሹበት መንገድ ነው። አብረዋቸው የሚሸሹ ሱዳናውያን ነበሩ። ጠረፏን ሲሻገሩ ለኢትዮጵያውያኑ መግባት፣ ለሱዳናውያኑ መሰደድ ሆነ። ድልድዩ አንድ ነው፤ ርዝመቱም ከአንድ የዋርዲ ዘፈን መግቢያ አይበልጥም፤ ሰልፉ ባይኖር ኖሮ ቫዮሊኖቹ ሳይጨርሱ ይሻገሩታል።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የተጠለሉ ሱዳናውያን ሻይ የሚጠጡባቸው ቤቶች በዝተዋል። ከጀሪፍ የተመለሱ ሴቶች ከከፈቷቸው ቡና ቤቶች በአንዱ ይህ ዘጋቢ በቅርቡ ተቀምጦ ነበር። ባለቤቷ ከስልኳ ላይ ዋርዲን ከፈተች፤ የሕዝብ ጭብጨባ ያለበት ቀረጻ ነው። ማዕዘን ላይ የተቀመጡ ሦስት ሱዳናውያን አዛውንቶች ጨዋታቸውን አቋረጡ። ዘፈኑ ረጅም ስለሆነ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ እስኪጠጣ አላለቀም።